«ዛው» ማለት «እርስዎ» ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የሥራ አለቃዬ በዕድሜ የገፉ ደግ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ስለሆነ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን እንዳዘጋጅ ባልደረቦቼ እኔን መረጡኝ። ክብር እንዲኖረው ብዬ ‹ዩ› ማለቱን ትቼ ‹ዚ› እና ‹ዛይ› እያልኩ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን የሚያናግሩት በዚህ ቃል ስለሆነ የኛ ‹እርስዎ› መስሎኝ ነው። የ15 ዓመት ልጄ አይታው በሳቅ ፈረሰች። ‹አባዬ፣ ይሄ እኮ የሼክስፒር ነው› አለችኝ። ‹ዛው› የሚባለው ነገር በትክክል ምን ማለት ነው? የአክብሮት ቃል አይደለም?»

ምላሽ፦ የልጅዎ ሳቅ ትክክል ነው። «ዛው» ማለት «አንተ» ነው። «አንቺ»ም ነው። ለ«እርስዎ» ያገለግል የነበረው ሌላ ቃል ነው። የትኛው ቢሉኝ፣ ያ እርስዎ ተራ መስሎዎት የተዉት «ዩ» ነው።

አዎ፣ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። እኔም ትርጉም ስጀምር እንደ እርስዎ ነበር የማስበው። አንድ የቆየ ደብዳቤ ሳስተካክል «ዛው»ን በሙሉ «እርስዎ» እያልኩ ሦስት ገጽ ሄጃለሁ። ደብዳቤው ባል ለሚስቱ የጻፈው ነበር። ሲነበብ ሰውዬው ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ማመልከቻ የሚያስገባ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ ቃሎቹን እናሰልፋቸው። «ዛው» አንተ፣ «ዚ» አንተን፣ «ዛይ» ደግሞ የአንተ ነው። «ዛይን»ም የአንተ ነው፣ ግን የሚመጣው ተከታዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ወይም ብቻውን «ያንተ ነው» ለማለት ሲፈለግ ነው። ፆታ አይለዩም። መልአኩ ማርያምን «ጌታ ከአንቺ ጋር ነው» ሲላት እንግሊዝኛው ያው «ዚ» ነው የሚለው። ለብዙ ሰው ደግሞ «ዪ» እና «ዩ» ነበሩ። «ዪ» እናንተ፣ «ዩ» እናንተን። ይቺን ሁለተኛዋን ያዙልኝ። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት «ዩ» መነሻው «እናንተን» ነው። አሁን «ዩ አር» ስንል በድሮው ሰዋስው «እናንተን ናችሁ» እንደማለት ነው። በ1600 ገደማ «ዩ» የ«ዪ»ን ቦታ ጠቅልሎ ወስዶ ነበር። ዛሬ ማንም ልብ አይለውም።

እና ብዙ ቁጥር እንዴት የአክብሮት ሆነ? በ1066 ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። ፈረንሳይኛ ደግሞ ለአንድ ትልቅ ሰው «ቩ» ይላል፣ እናንተ እንደማለት። ለልጅና ለቅርብ ሰው «ቱ» ነው። ይህ ልማድ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ለትልቅ ሰው «ዪ» እና «ዩ»፣ ለታናሽ፣ ለአገልጋይ፣ ለፍቅረኛና ለጓደኛ «ዛው» ተባለ።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። እኛም የምናከብረው በብዙ ቁጥር ነው። «እርስዎ ይመጣሉ» ሲሉ ግሱን ልብ ይበሉት። «እነሱ ይመጣሉ» ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሰውዬው አንድ፣ ግሱ ብዙ። «እርስዎ» ራሱ የመጣው «ርእስ» ከሚለው፣ ማለትም ከራስ ነው። ሌላው «አንቱ» ነው። አዲስ አበባ ላይ እየጠፋ ቢሄድም ጎንደር፣ ጎጃምና ወሎ አሁንም ይሰማል። ጨርሶ የማይጠቀምበት የከተማ ልጅ እንኳ «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላል። የተከበረ፣ ስመ ጥር ማለቱ ነው። በአማርኛ አንድ ተውላጠ ስም ብቻውን ሙገሳ መሆን ይችላል።

በእንግሊዝኛ ደግሞ ተውላጠ ስሙ ብቻውን ስድብ ሆኗል። በ1603 ሰር ዋልተር ራሌ በአገር ክህደት ተከሶ ዊንቸስተር ከተማ ለፍርድ ቀረበ። ከሳሹ የዘውዱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኤድዋርድ ኮክ ነበር። ራሌ ተራ ሰው አይደለም። የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟል የነበረ፣ መርከበኛ፣ ገጣሚ ነው። ኮክ በንዴት ጦፎ ይህን አለው፦ «አንተ እፉኝት! ‹አንተ› ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» በእንግሊዝኛው «አይ ዛው ዚ» ነው ያለው። «ዛው»ን ግስ አደረጋት። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። የእኛ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «አንተ አለኝ እኮ!» ብሎ የሚከስ ሰው አላየንም?

ሼክስፒርም ይቺን ነገር ጥሩ አድርጎ ይጠቀምባታል። «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው ተውኔቱ አንዱ ገጸ ባሕርይ ጓደኛውን ለጠብ ሲያነሳሳው፣ ለባላንጣው በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ሦስት ጊዜ ያህል «ዛው» ቢለው እንደማይከፋ ይመክረዋል። ሰውን ለማስቆጣት አንተ ማለት ይበቃ ነበር ማለት ነው።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን «ሐምሌት» ውስጥ ያለውን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው ተውኔት ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ልጁ ወደ እናቱ ክፍል ይገባል። አባቱ ሞቷል፣ እናቱ የሟቹን ወንድም አግብታለች። እናት ትጀምራለች። እኔ እንደሚመቸኝ ልመልሰው፦

«ሐምሌት፣ አባትህን በጣም አስቀይመኸዋል።»

«እናቴ፣ አባቴን በጣም አስቀይመውታል።»

እናት በ«ዛው» ተናገረች። ልጅ በ«ዩ» መለሰ። ቃሎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ ተውላጠ ስሙ ላይ ነው። እሷ «አባትህ» ስትል አዲሱን ባሏን ነው። እሱ «አባቴ» ሲል ሟቹን ነው። ክሱን መልሶ ወረወረባት፣ ግን በአክብሮት ተጠቅልሎ ነው የሄደው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። እናትየው ወዲያው «ዛው» ማለቷን ትታ እሷም «ዩ» ትለዋለች። አሁን ያ አክብሮት አይደለም፣ በረዶ ነው። እኛ ቤትስ የለም? እናት ተቆጥታ ልጇን «እርስዎ ደግሞ ከየት ነው የመጡት በዚህ ሰዓት?» ካለችው፣ ያ ልጅ እራቱን ዝም ብሎ በልቶ መተኛት ነው ያለበት።

ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ይህን ትዕይንት ሲያነብ ሁለቱም «አንተ/አንቺ» ነው የሚመስሉት። መምህሩ ካልነገረው ያልፈዋል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ ከተነገረው ወዲያ ሆዱ ድረስ ይገባዋል። ለልጅዎ ይንገሯት፣ ክፍል ውስጥ ትኮራበታለች።

ታዲያ «ዛው» የት ሄደ? ማንም አላገደውም። እንግሊዝ ውስጥ ነጋዴው እየበለጸገ፣ መካከለኛው መደብ እየሰፋ ሲሄድ ማን ከማን እንደሚበልጥ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። ለማታውቀው ሰው «ዛው» ብለህ ጠብ ከምታነሳ «ዩ» ብትል ይሻላል። አክብሮት የበዛበት ሰው አይከስም። እንዲህ እየተባለ ሁሉም ለሁሉም «ዩ» አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ «ዛው» ከለንደን የዕለት ንግግር ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ሰው እንግሊዝኛ «እርስዎ» የሌለው፣ ትልቅ ሰው የማያከብር ቋንቋ ነው ይላል። የሆነው ግልባጩ ነው። የጠፋው «አንተ» ነው። እንግሊዞች ውሻቸውንም በ«እርስዎ» ነው የሚያናግሩት።

መንገዱን በተቃራኒው ለመሄድ የሞከሩም ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ የተባለ ሰባኪ የመሠረታቸው ኩዌከሮች፣ በእግዚአብሔር ፊት ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ለዳኛውም፣ ለጌታውም፣ ለድሃውም «ዛው» ማለት ጀመሩ። ባርኔጣም ለማንም አናወልቅም አሉ። ተደበደቡ፣ ታሰሩ። ከነሱ አንዱ ቶማስ ኤልውድ የሚባል ወጣት የራሱን ታሪክ ጽፎ አልፏል። አባቱ «ዛው» ሲለው ሰምቶ፣ ይህን ቃል ሁለተኛ ከአፍህ ብሰማ ጥርስህን ወደ ጉሮሮህ ነው የማወርደው ብሎታል። አባትየው በዚህ ሁሉ ቁጣ ውስጥ እንኳ ልጁን የሚያናግረው በ«ዩ» ነው። አሁን እስቲ ያስቡት፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ወጣት አጎቱን «አንተ» ቢል፣ ምክንያቱን ሲጠየቅም «ሃይማኖቴ ነው» ቢል።

ቃሉ ፈጽሞ አልሞተም። በሰሜን እንግሊዝ፣ በተለይ ዮርክሸር፣ «ዛ» ሆኖ በሽማግሌዎች አንደበት ቆይቷል። እዚያ የሚነገር አባባልም አለ፤ ሐሳቡ «እኔን አንተ አትበለኝ፤ እስቲ ራስህን አንተ በልና እንዴት እንደሚጥምህ እየው» ነው። ከኤድዋርድ ኮክ ጋር አንድ ዓይነት ስሜት ነው።

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱሱ እንምጣ። እርስዎን ያሳሳተዎት እሱ ስለሆነ።

የንጉሥ ጄምስ ትርጉም የወጣው በ1611 ነው። ያን ጊዜ «ዛው» ከአደባባይ ንግግር መሸሽ ጀምሯል። ተርጓሚዎቹ ግን ከነሱ 80 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አዲስ ኪዳንን የተረጎመውን የዊልያም ቲንደልን ቋንቋ በብዛት ይዘውታል። ዋናው ምክንያት ደግሞ ዕብራይስጡና ግሪኩ ነው። ሁለቱም አንተንና እናንተን ይለያሉ። ለአክብሮት የሚሆን ሌላ ቃል ግን የላቸውም። ስለዚህ በዚያ ትርጉም ውስጥ ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ከሆነ «ዛው»፣ ብዙ ከሆኑ «ዪ»። እግዚአብሔርም «ዛው» ነው፣ ፈርዖንም «ዛው» ነው፣ ሰይጣንም «ዛው» ነው። ቃሉ የአክብሮት ቢሆን ኖሮ ሰይጣንን እንደዚያ አይሉትም ነበር! ማስረጃ ካስፈለገዎት የመጽሐፉን መግቢያ ይዩ። ተርጓሚዎቹ ለንጉሥ ጄምስ በጻፉት መታሰቢያ ላይ ንጉሡን «ግርማዊነትዎ» እያሉ በ«ዩር» ነው የሚያናግሩት። ገጽ ገልጠው ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ንጉሥ ዳዊት «ዛው» ነው።

እኛም ጋ ነገሩ ያው ነው። በ1954 ዓ.ም. በጃንሆይ ዘመን የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነገሥታት አንተ ይባላሉ። ጃንሆይን ፊት ለፊት አንተ የሚል ግን አልነበረም። ደግሞ ጸሎታችንን ይስሙት፦ «አባታችን ሆይ፣ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ።» ስምህ እንጂ ስምዎ አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን» እንጂ «ይመስገኑ» ብሎ ያመሰገነ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሙስሊሙም ፋቲሓን በአማርኛ ሲያነብ «አንተን ብቻ» ነው የሚለው። ለንስሐ አባታችን ግን «አባ ይፍቱኝ» ነው። ካህኑ እርስዎ፣ ፈጣሪ አንተ። ልጅ ሆኜ ይህ ይገርመኝ ነበር። አያቴን ስጠይቃቸው «እሱ ቅርብ ነዋ» አሉኝ። ሰዋሰዋዊ ምክንያቱ ከግእዝ የመጣ ነው። ግእዝ አንተና አንትሙ፣ አንቲና አንትን አለው፣ ለአንድ ሰው የሚሆን «እርስዎ» ግን የለውም። ቢሆንም የአያቴን መልስ እስካሁን አልጣልኩትም።

የድሮው እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት መያዙ ለአንባቢ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሉቃስ 22 ላይ ጌታ ጴጥሮስን «ሰይጣን እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ ለመነ» ይለዋል። ብዙ ነው፣ ሐዋርያቱ ሁሉ ናቸው። ቀጥሎ «እኔ ግን ስለ አንተ» ይላል። ጴጥሮስ ብቻውን ነው። በ1611ዱ «ዩ» እና «ዚ» ስለሚል ግልጽ ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ስለሆነ፣ አንባቢው ሰይጣን የለመነው ጴጥሮስን ብቻ ሊመስለው ይችላል። በአማርኛ «-ችሁ» እና «አንተ» አፍጥጠው ስለሚታዩ ይህ ስሕተት አይፈጠርም። የአሜሪካ ደቡብ ሰዎች «ያል» የሚሉት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነው። አትላንታ የሚኖሩ ዘመዶቻችን «ያል»ን ቶሎ የሚለምዱት ይመስለኛል፣ «እናንተ» ስለናፈቀቻቸው።

ታዲያ አንተ የነበረው ቃል እንዴት ከባድ ሆነ? ከገበያ ወጣ፣ ከቤት ወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ሰው «ዛው»ን የሚሰማው ለፈጣሪ ሲነገር ብቻ ሆነ። ሦስት መቶ ዓመት ዕጣን የታጠነ ልብስ ዕጣን ዕጣን ነው የሚሸተው፣ ድሮ የእርሻ ልብስ ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ1952 ተሟልቶ የወጣው የተሻሻለው መደበኛ ትርጉም የሚባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ለሰው ሁሉ «ዩ» አለና እግዚአብሔርን ሲያናግሩት ብቻ «ዛው»ን አስቀረ። ይህን ያነበበ ትውልድ «ዛው» የመለኮት ማክበሪያ ቢመስለው አይፈረድበትም። በ1989 የወጣው አዲሱ ዕትም ያንንም ትቶታል። እንግዲህ እርስዎ የተሳሳቱት ከብዙ ሚሊዮን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጋር ነው።

ልጅዎ ትምህርት ቤት ይገጥማታልና ግሱንም በአጭሩ ልንገርዎ። «ዛው» ካለ ግሱ መጨረሻው ላይ «ስት» ወይም «ት» ይጨምራል። «ዛው ኖውስት» ታውቃለህ፣ «ዛው ሃስት» አለህ፣ «ዛው አርት» ነህ፣ «ዛው ሻልት ናት ኪል» አትግደል። ያቺ ምላስ በጥርስ መሃል የምትወጣባት «ኖወዝ» ዓይነቷ ግን የእሱና የእሷ ናት፣ ያውቃል እንደማለት። ሰው ድሮ ለመምሰል ሲቀልድ ሁሉም ግስ ላይ ይለጥፋታል። በአማርኛ «እኔ ያውቃል» እንደማለት ነው።

ሱቅ በር ላይ «ዪ ኦልድ» የሚል ጽሑፍ ካዩ ደግሞ ያ «ዪ» የኛው «እናንተ» አይደለም። ድሮ እንግሊዝኛ ለዚያች የምላስና የጥርስ ድምፅ «ቶርን» የምትባል አንድ ፊደል ነበረችው። በእጅ ጽሑፍ «ዋይ»ን እየመሰለች ሄደች። ማተሚያ ሲመጣ የቶርን ፊደል ባልነበረበት «ዋይ»ን ተኩባት። ስለዚህ የሚነበበው «ዘ ኦልድ» ተብሎ ነው። «ዪ» ማለት የፊደል አደጋ ነው።

ወደ ካርዱ ልመለስ። የዛሬ እንግሊዝኛ አክብሮቱን ተውላጠ ስም ውስጥ አያስቀምጥም። «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ከአባት ስም ጋር፣ «ሰር»፣ «ማም»፣ በቀጥታ ከማዘዝ ይልቅ «ዉድ ዩ»፣ የተሟላ ዓረፍተ ነገር፣ እነዚህ ናቸው የኛን «እርስዎ» ሥራ የሚሠሩት። ካርዱ ላይ «ከእርስዎ ጋር መሥራት ክብር ነበር» የሚለውን በተራው «ዩ» ይጻፉት። ያ «ዩ» ከጥንት ጀምሮ «እርስዎ» ስለሆነ ልብዎ ይረፍ። ካርዱ ተሰጥቶ ከሆነም አይጨነቁ። አለቃዎ እንደ ራሌ የተሰደቡ አይመስላቸውም። «ዊ ታንክ ዚ» የሚለውን ሲያነቡ የጸለዩላቸው፣ ምናልባትም ወደ እሳቸው የጸለዩ ነው የሚመስላቸው።